ከቅጣቱ አቤቱታው ሲከብድ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የገባ ሾፌር ፒያሳ ላይ ዕቃ አውርዶ ሲመለስ የቅጣት ወረቀት ይጠብቀዋል እንበል። «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት በአካባቢው የለም። ምን ያደርጋል? ይከፍላል! አቤት ለማለት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ዳግም መመላለስና የሥራ ቀን ማቃጠል አለበታ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183ም አለ፤ ግን የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። ደሴ በቀጥታ አይደርስም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ አቤቱታ የሚሰማው ቢሮና ቀነ ገደቡ ቅጣት ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የኮምቦልቻው ሰው እዚያው ኮምቦልቻ ማመልከት ይቻለው። ቅጣቱ ሥርዓት ለማስያዝ ከሆነ፣ ተቀጪውን መስማትም ሥርዓት ነው።