ከፍጥነት በፊት ሙቀትን ማሰብ

ኮምፒዩተር ለመግዛት ወይም ለመገጣጠም ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፍጥነቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ በሻንጣ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ዕቃ ስመርጥ፣ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩን ተረዳሁ። ይኸውም «ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?» የሚል ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። አባቴ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ከተዛወረ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ከእርሱ ጋር ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ድረስ ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ቀርቻለሁ። ከወንድሜ ጋር የምንገናኘው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ስንገናኝም ደስታችን ከልጅነታችን እንደ ለመድነው በአንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን መጫወት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆች ሒሳብ እያስጠናሁ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ፣ በአውቶቡስ ይዤው ልሄድ በምችለው ኮምፒዩተር ላይ ለማዋል ቆረጥሁ። ገንዘቡ ደግሞ የሚገኝ ስላልሆነ ምርጫው ቀልድ አልነበረም።

አባቴ «ለምን ላፕቶፕ አትገዛም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ሲበላሽ ብቻውን መለወጥ እጅግ ያስቸግራል። በእጅ የተገጣጠመው ግን ክፍል በክፍል ይፈታል፤ ይጠገናል፤ ይሻሻላል።

የመረጥኋት ሣጥን አሥር ሊትር ያህል ብቻ የምትሆን ናት። በውስጧ የሚገባው ማዘርቦርድ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ጎኑ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው። ከፕሮሰሰሩ በላይ ለማቀዝቀዣ የሚተርፈው ቦታ ከ50 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ለትልቅ ኮምፒዩተር የሚሠሩት እንደ ማማ የቆሙ ማቀዝቀዣዎች 160 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመትና ከአንድ ኪሎ በላይ ክብደት ያላቸው አሉ። በውሃ የሚያቀዝቅዘው ደግሞ ለራዲያተሩ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ፓምፑ መንገድ ላይ ቢበላሽም ምትኩ በቀላሉ አይገኝም።

ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ይዤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ ሦስት ፕሮሰሰሮችን አወዳደርሁ። ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ 24 ኮሮች ያሉት ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ሲበረታ እስከ 253 ዋት እንዲበላ ተፈቅዶለታል። ይህን በእኔ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ምድጃ በቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ማንደድ ነው። የኤኤምዲው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮሮችና ለጨዋታ እጅግ የሚጠቅም 96 ሜጋ ባይት ካሽ አለው፤ የሙቀት ወሰኑ ግን 89 ዲግሪ ነው፤ ዋጋውም ከበድ ይላል። ራይዘን 5 7600 ደግሞ 6 ኮሮች ያሉት፣ በ65 ዋት የተመደበ፣ ሲበረታም ከ88 ዋት የማያልፍ ነው። ወሰኑ 95 ዲግሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሒሳቡ ገባሁ። ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን በዙሪያው ካለው አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። በአዲስ አበባ ክፍሌ 20 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከአየሩ በ45 ዲግሪ ቢበልጥ 65 ይደርሳል። በድሬዳዋ ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲሆን ያው ፕሮሰሰር 80 ይደርሳል ማለት ነው። ሁለቱም ከተሞች የየራሳቸው ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ሳሳ ያለ ነው፤ ፋኑም በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነች አየሩ ወፈር ይላል፤ ነገር ግን ይሞቃል።

ስለዚህ ራይዘን 5 7600ን መረጥሁ፤ ቁመቱ 47 ሚሊ ሜትር የሆነ ማቀዝቀዣም ገዛሁለት። በመዳብ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ጥቂት ፈሳሽ በፕሮሰሰሩ በኩል ተንኖ፣ ሙቀቱን ለአሉሚኒየሙ ክንፎች ሰጥቶ፣ እንደገና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ፋኑም የክንፎቹን ሙቀት ጠርጎ ያወጣል። ከፕሮሰሰሩ የተረፈውን ገንዘብ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨመርሁት፤ በብዙ ጨዋታዎች የሥዕሉን ከባድ ሥራ የሚሸከመው እርሱ ነውና። ማዘርቦርዱም ነገ የተሻለ ፕሮሰሰር ሊቀበል ይችላል።

በዕረፍታችን ድሬዳዋ ወስጄ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትንባት። መለኪያው 81 ዲግሪ አሳየ፤ ከሒሳቤ የራቀው በአንድ ብቻ ነው። ወንድሜ እጁን ከሣጥኗ በላይ አድርጎ «ኧረ ይህች ነገር ትተነፍሳለች!» አለ። ካሸነፈኝ ጨዋታ ይልቅ ይህ አነጋገሩ ደስ አሰኘኝ።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። እናንተም ጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመገጣጠም ብታስቡ አስቀድማችሁ ማስመሪያ አንሡና የሣጥኑን ቦታ ለኩ፤ የምትኖሩበትንና የምትሄዱበትን አገር ሙቀት ዕወቁ፤ ከዚያ ወዲያ ፕሮሰሰሩን ምረጡ። ሣጥኑ ሊያስወጣው የማይችለው ሙቀት ያለው ፕሮሰሰር፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ የተከፈለበት ኃይል ለባለቤቱ አይጠቅምም።