የኮምፒዩተሩ ቍጣና የሁለት እናቶች ዕድሜ

አንባቢ ሆይ፤ እኔ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ከሒሳብ ጋር የተሰነባበትነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ ስንለያይም አንዳችን ለሌላው እንባ አላፈሰስንም። ስለዚህ ዛሬ የኮምፒዩተር ነገር ይዤ ብቅ ስል የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ቢስቁብኝ አልቀየምም።

ነገሩ የመጣው በመመረቂያ ጽሑፌ ሰበብ ነው። ባለፈው ክረምት ምንጃር ወርጄ ከ43 አዛውንቶች የአጨዳና የውቂያ ዘፈን ሰበሰብኩ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ቀበሌና ግጥም የመዘገብኩት በስልክ ላይ በተዘጋጀ ቅጽ ነበር። ቅጹም ሁሉን ጠቅልሎ ጄሰን በሚባል አጻጻፍ አስረከበኝ። ጄሰን የሚያውቃቸው ዓይነቶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ ጽሑፍ፣ ቍጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ባዶ፣ ዝርዝር፣ እንዲሁም ስምና ዋጋ የተጣመሩበት መዝገብ። «በግምት» የሚባል ዓይነት የለውም።

ይህን ማኅደር ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ልከፍት ተነሣሁ። (ስሙ የዘንዶ ይምሰል እንጂ የተወሰደው ከእንግሊዝ ቀልደኞች ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሳምንት አንድም ቀን አላሳቀኝም።) ሰው በሰው እየተራመድኩ ዕድሜያቸውን ልጠይቅ ብዬ ስጽፍ፣ መኪናው የዓይነት ስሕተት ነው ብሎ ጮኸ። ጽሑፍን በቦታ ቍጥር እንጂ በስም መጠየቅ አይቻልም ይላል። ሁለት ሌሊት ቅንፍ ስቀይር፣ ነጠላ ሰረዝ ስነቅልና ስተክል አደርኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የቴክኖሎጂ ተማሪ ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «ቅንፉን ተወው። መጀመሪያ በእጅህ የያዝከው ምን እንደሆነ ጠይቀው እንጂ!» አለኝ። ጠየቅሁት። ለካ 43ቱ ሰዎች በቀጥታ የተሰለፉ አይደሉም፤ በሌላ መዝገብ ተጠቅልለው «ውጤት» በሚል ስም ሥር ነው የተቀመጡት። መዝገብን ዝም ብለው ሲመላለሱበት ደግሞ የሚሰጠው ስሞቹን ብቻ ነው። እኔ «ውጤት» የሚለውን ቃል ይዤ «ተወልደህ ስንት ዓመትህ ነው?» እያልኩ ሁለት ሌሊት ሳስጨንቀው ኖሬአለሁ! «ውጤት»ን ከፍቼ ወደ ውስጥ ስገባ ሰዎቹ ሁሉ በየተራቸው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

ደስታዬ አንድ ሰዓት አልቆየም። ከዘንድሮው ከ2018 ላይ የትውልድ ዓመቱን ልቀንስ ብል እንደገና የዓይነት ስሕተት። የአንዳንዱ ሰው 1935 ራቁቱን የቆመ ቍጥር ነው፤ የሌላው 1935 ግን በጥቅስ ምልክት ስለ ታጠረ ጽሑፍ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለመኪናው ግን አንዱ በሬ ሌላው የበሬ ሥዕል ነው። ይህንስ ወደ ቍጥር ለውጥ በሚለው ትእዛዝ ተሻገርኩት። አንድ መሪጌታ ብቻ ዓመታቸውን በግዕዝ አኀዝ ፲፱፻፴፭ ብለው አስጽፈውኝ ኖሮ፣ ፓይተን እርሱን አልለውጥም አለ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም፤ የእኛ አኀዝ ዜሮ የለውም፣ አሥርና መቶውንም የሚጽፈው በቦታ ሳይሆን በየራሱ ምልክት ነው። በእጄ 1935 ብዬ ጻፍኩት።

የመጨረሻው ስሕተት ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሁለት እናቶች የትውልድ ዓመታቸው ባዶ ነበር። ከ2018 ላይ ባዶ አይቀነስም ብሎ መኪናው ቆመ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነበር፤ በማግስቱ ለመምህሬ ማስረከብ አለብኝ። ባዶው ባለበት ሁሉ ዜሮ አስገባሁና ጩኸቱ ጸጥ አለ፤ እኔም ተኛሁ።

መምህሬ ገጹን ገልጠው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ልጄ፣ የዘፋኞችህ አማካይ ዕድሜ 157 ዓመት ነው። ምንጃር ውስጥ ማቱሳላን አግኝተህ ይሆን?» አሉኝ። ሌሎቹ 41 ሰዎች በአማካይ 67 ናቸው፤ ሁለቱን እናቶች ግን እያንዳንዳቸውን የ2018 ዓመት አሮጊት አድርጌአቸው ኖሯል። በጮኸው ስሕተት ሳምንት ስሠቃይ፣ ዝም ያለውን ራሴ ሠራሁት።

ወደ ማደሪያዬ ሄጄ የመስክ ደብተሬን አወጣሁ። አንደኛዋ እናት ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው፣ «ጣልያን ሲወጣ እናቴ አዝላኝ ነበር ይላሉ» ብለውኝ ነበር። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። ስለዚህ ባዶ አልነበሩም፤ ቅጹ ቍጥር ብቻ ስለሚቀበል ቃላቸው ደብተሬ ውስጥ ቀረ እንጂ። ሁለተኛዋ ደግሞ፣ «እኔ እንጃ ልጄ፣ ጻፊ አልነበረን» ብለው ስቀው ወደ ዘፈኑ ተመለሱ። እርሳቸው የዘፈኑልኝ የውቂያ ግጥም ከስብስቡ ሁሉ ረጅሙ ነው።

ዜሮዎቹን ነቅዬ ባዶውን ባዶ አድርጌ መለስኩት። ፕሮግራሙንም ከመቀነሱ በፊት ዋጋው ባዶ እንደሆነ እንዲጠይቅ፣ ባዶ ከሆነም ያንን ሰው በአማካዩ ውስጥ እንዳይቈጥር አዘዝኩት። ለሁሉም ሰው «የተናገሩት» የሚል አዲስ ስም ከፍቼ የሁለቱን እናቶች ቃል በጥቅስ ምልክት አጥሬ እንዳለ አስገባሁት። በሠንጠረዡም ግርጌ አማካዩ የ41 ሰዎች መሆኑን ጻፍኩ። መምህሬ ተቀበሉት፤ የዘገየሁበትን ማርክ ግን አልማሩኝም።