አንዲት ፊደል

በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ያለ አስተማሪ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወደ መነሻው በተጠነጠነ ክር ላይ መቅጃውን ከተጫኑት የቀድሞው ዘፈን ይጠፋል። ከካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ የምትሰበረውም ለዚሁ ነበር።

ይህ የቤት ውስጥ ዕውቀት በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የመጠባበቂያ ቴፕ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ ከብዙ መመሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል። ሊኑክስ ለአንዱ የቴፕ መሣሪያ «ኤስቲ 0» እና «ኤንኤስቲ 0» የሚሉ ሁለት ስሞች ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ስም ሲጠራ ሥራው እንዳበቃ ክሩን ወደ መነሻው ያጠነጥናል፤ በሁለተኛው ሲጠራ ግን ካቆመበት ይቆያል። ልዩነቱ ያቺ ከፊት የገባችው «ኤን» ብቻ ናት። በፍሪቢኤስዲም የመሣሪያው ስም ይለያል እንጂ ልማዱ ያው ነው።

መከራው የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በየማታው የሒሳብ መዝገቡን፣ ቀጥሎም ደብዳቤዎቹን በአንድ ቴፕ ላይ ያስገለብጣል እንበል። ትእዛዙ «ኤን» ከጎደላት ሒሳቡ ይጻፋል፤ ክሩ ይጠነጠናል፤ ደብዳቤውም በሒሳቡ ላይ ይጻፋል። ከሒሳቡ ጭራ ሳይነካ የቀረ ቢኖር እንኳ መሣሪያው የአዲሱን ጽሑፍ ማብቂያ አልፎ አያነብም። ኮምፒዩተሩ አይጮኽም፤ ሁለቱም ሥራ ተሳክቷል ብሎ ይመዘግባል። እውነቱን ነው፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ጉድለቱ የሚታወቀው ዲስኩ በተበላሸ ማግስት ነው።

የብሎክ መጠንም እንዲሁ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው «ታር»፣ ስሙም «የቴፕ ማኅደር» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተቆረጠ፣ ሌላ ካልታዘዘ በ10,240 ባይት ቁራሽ ይጽፋል። በሌላ መጠን እንዲያነብ የተዘጋጀ መሣሪያ ደኅናውን ቴፕ አልቀበልም ሊል ይችላል።

ቴፕ ያረጀ ነገር ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የጉግል ሶፍትዌር ስሕተት የአንዳንድ የጂሜል ደንበኞችን ደብዳቤ ከበርካታ ቅጂዎቹ ጭምር ባጠፋ ጊዜ፣ ኩባንያው ደብዳቤዎቹን የመለሰው ከቴፕ ነበር። ከመሣሪያው ወጥቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴፕ የተሳሳተ ትእዛዝ አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤልቲኦ 9 ደግሞ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ክር 18 ቴራባይት ይይዛል። «መጠባበቂያ» የሚለው ቃላችን ከ«ጠበቀ» መምጣቱ ደስ ይላል፤ ዘብ መቆምንም በትዕግሥት መቆየትንም ይዟልና።

ጠንቃቃ ባለሙያ ግን በመዝገቡ ቃል አይረካም። በ«ኤምቲ» ትእዛዝ ክሩ የትኛው ፋይል ላይ እንደቆመ ይጠይቃል፤ ወደ መነሻው አጠንጥኖ ከሁለቱም መዝገብ ጥቂት ገጽ ወደ ባዶ ዲስክ ያወጣል፤ ከዋናው ጋርም ያስተያያል። አለቆች ለዚህ ሥራ ሰዓት መስጠት አይወዱም። ቴፑን ግዙ ሲባሉ ይገዛሉ፤ አንብቡት ሲባሉ ግን ለሌላ ጊዜ ያሳድሩታል።