አንድም ቀን ሳይዘለል

ለምወድህ ወንድሜ፣

 

በቀደም በስልክ «የእንግሊዝኛው ኮንሰኪዩቲቭ ማለት ተከታታይ ነው አይደል?» ስትለኝ «አዎ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። አስተርጓሚነት ልትጀምር ነውና ግማሽ መልስ ይዘህ እንድትገባ አልፈልግም።

እኔም የአስተርጓሚነት ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ሐኪሙ ለአንድ እናት መድኃኒቱን «ለ5 ኮንሰኪዩቲቭ ቀናት» ሲያዝላቸው፣ እኔ «5 ቀን ይውሰዱ» ብዬ አለፍኩ። ሳይሻላቸው ተመለሱ። «እንዳልሽኝ 5 ቀን ወሰድኩት ልጄ» አሉኝ። ሲያማቸው ብቻ እየዋጡ፣ 5ቱን ቀን በሁለት ሳምንት በትነውታል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም «መከተል» ነው። የእኛ «ተከታታይ»ም ከ«ተከተለ» ይወጣል። ኮንሰኪዩቲቭ ግን መከተል ብቻ አይበቃውም፤ በመሀል የተዘለለ ነገር መኖር የለበትም። 7፣ 8፣ 9 ኮንሰኪዩቲቭ ናቸው። 7፣ 9፣ 12 ግን ቅደም ተከተላቸውን ቢጠብቁም አይደሉም።

ምን እንደሚቆጠርም ልብ በል። አበበ ቢቂላ በፈረንጆች 1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። በመሀል 4 ዓመት ቢኖርም ሌላ ኦሎምፒክ አልነበረምና ድሎቹ ኮንሰኪዩቲቭ ናቸው። ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን በ1992 ባርሴሎና፣ በ2000 ሲድኒ አሸንፋለች። በመሀል የ1996ቱ አትላንታ አለ። ክብሯ ምንም ሳይጎድል፣ ቃሉ ለሁለቱ ድሎቿ አይሆንም።

ፍርድ ቤት ስትቆም ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ። አንድ ሰው ሁለት የ5 ዓመት ቅጣት ተፈርዶበት ዳኛው «ኮንሰኪዩቲቭ» ካሉ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል፤ 10 ዓመት ነው። «ኮንከረንት» ካሉ ሁለቱ አብረው ይቆጠራሉ፤ 5 ዓመት ነው። በአንድ ቃል የሰው ዕድሜ እጅህ ላይ አለ።

ስለዚህ አደራህን፣ ይህን ቃል ስትሰማ «የሚቆጠረው ምንድን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መድኃኒት ከሆነ «በተከታታይ» ብለህ አትተወው፤ «አንድም ቀን ሳይዘልሉ» በላቸው። ያ ጭማሪ ለሰሚው ጤና ነው።

የምትወድህ እህትህ