ቀመርና ድንበሩ

ጨው ለይፋት ቆላ እንግዳ አይደለም። ከደናክል በረሃ እየተፈለጠ የሚመጣው አሞሌ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ዛሬ የማጫውትህ ግን ስለ ዋጋው ሳይሆን ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ስለሚያደርገው ነገር ነው።

ጨው ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች፣ ማለት ወደ አዮኖች ይለያያል። አንዱ ፖዘቲቭ አዮን ወዲያው በኔጋቲቮች ስለሚከበብ ጕልበቱ እሩቅ ላለው አይሰማም። የሰንበቴን ገበያ አስብ፤ በማለዳ ሜዳው ባዶ ሳለ የሚጣራ ሰው ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ገበያውን ሲሞሉት ግን ጥሪው ከአጠገቡ አያልፍም። ይህን መጋረድ ፒተር ደባይና ኤሪክ ሂውክል በ1923 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ገለጹት። በቀመራቸው መሠረት ጨው አራት እጥፍ ሲሆን ጕልበቱ የሚደርስበት ርቀት በግማሽ ያጥራል። በሊትር 0.1 ሞል የገበታ ጨው ባለበት ውኃ ርቀቱ 1 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው።

እንግዲህ ጨውን እየደጋገምን ብንጨምርስ? ቀመሩ «ርቀቱ እያጠረ ይሄዳል» ይላል። ነገር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ውኃ ሳይገባበት ፈሳሽ በሆነ ጨው ውስጥ በሁለት ገጾች መካከል ያለውን ጕልበት የለኩ ተመራማሪዎች፣ ቀመሩ ከሚለው እጅግ የረዘመ ርቀት አገኙ። በ2016 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች፣ ከተወሰነ መጠን በኋላ ጨው በበዛ ቍጥር ርቀቱ መልሶ እንደሚረዝም አስታወቁ። በሌላ መሣሪያ የለኩና በኮምፒዩተር ያሰሉ ሌሎች ይህን ያህል ርዝመት ስላላገኙ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ቀመሩ አዮንን መጠን እንደሌለው ነጥብ ይቈጥረዋል። በሳሳ ውኃ ይህ አይጎዳም፤ አዮኖቹ ትከሻ ለትከሻ በሚገፋፉበት ግን መጠናቸውን መርሳት አይቻልም።

«ታዲያ ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ትል ይሆናል። ኤሌክትሪክን በባትሪ የማከማቸት ጥናት እንዲህ ያለውን የወፈረ ፈሳሽ ይመለከታል። እኔም እዚህ ማጀቴ ሳስተምር የሚያሳስበኝ፣ ፈተና ቀመሩን እንጂ ድንበሩን አለመጠየቁ ነው። ተማሪው መቶ ከመቶ አግኝቶ ሕጉ የት እንደሚያበቃ ሳያውቅ ይወጣል። ኋላም ቢሮ ሲገባ፣ ለጥቂት ባለጉዳይ የተበጀውን ደንብ ደጁን ባጨናነቀው ሕዝብ ላይ ይጭነዋል፤ ደንቡ ሳይሠራ ሲቀርም ሕዝቡን ይወቅሳል።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ቀመር በደብተርህ ስትጽፍ ከጎኑ «እስከ ምን ድረስ?» የምትል ጥያቄ ጨምርበት።