አንደኛ ምርጫ

ሰው በዕድሜው ብዙ ወረቀት ይሞላል። የጋብቻ ውል አለ፤ የብድር ሰነድ አለ፤ የኑዛዜ ጽሑፍ አለ። እነዚህን የሚፈርመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከገፋ፣ ምክር ከሰማና ኑሮን ከቀመሰ በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ወረቀት ከነዚህ ሁሉ ይለያል። የሚሞላው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ የሚመርጠውም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ቤት ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሩ በስተኋላ ግን አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሙሉ ከተማ ይቆማል።

ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ነች። በዙሪያዋ የተዘረጋው ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው ውሃ ይቋጥርና እግር ይይዛል፤ የስንዴውና የምስሩ ሥር በውሃ እንዳይታፈን ገበሬው ከነቤተሰቡ መደብ እየሠራ ቦይ ያወጣል። በጋ ሲሆን ያው መሬት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ያን ጊዜ ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ነው፤ እንስራውን የሚሸከሙትም ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ወደ ሸለቆው ቁልቁል የተመለከተ ሰው ወንዙን ያየዋል፤ ያየዋል እንጂ አይደርስበትም። ውሃው ከታች፣ ጥሙ ከላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። በዚያ ዙር በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዙር 3.2፣ ከዚያም በኋላ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ከነዚህ ዓመታት በአንዱ፣ ከደጎሎ ሜዳ ላይ ካለ የገበሬ ቤት የወጣች አንዲት ልጅ ፈተናውን አለፈች። ሰፈሩ እልል አለ። ደስታው ግን ውሎ ሳያድር ወደ ምክር ተለወጠ።

ለምክሩ ምክንያት የሆኑት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚገኘውም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። የአዳማው ሥረ መሠረቱ ከዚያ ይርቃል፤ በ1986 ዓ.ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ማስተማር ጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2003 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሁለቱም በ2006 ዓ.ም. በጊዜው ለነበረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠሪ ከሆኑ ወዲህ፣ ብሔራዊውን ፈተና ያለፉ ተማሪዎችን እንደገና በራሳቸው የመግቢያ ፈተና እየለዩ መቀበል ጀመሩ። ወደነዚህ የሚያመለክት ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም አለበት። አንዱን ማስቀደም ደግሞ ሌላውን ማስከተል ነው።

የምርጫው ነገር የተነሣው ከጎረቤት ጋር ቡና በተጠጣበት ቀን ነው። አቦሉ ሳይወርድ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ የአዲስ አበባ ስም ያለበት ወረቀት የትም ያስገባል» አሉ። እህል እየጫነ አገር ያዳረሰ አጎቷ፣ «አዳማ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ለደጋ ልጅ አይሆንም» ሲል አከለበት። እናቷ ግን ስለ ስምም ሆነ ስለ ሙቀት አልተናገሩም። «አክስትሽ አቃቂ ናት» አሉ። «ብትታመሚ እሷ አለችልሽ። እዚያ ማዶ ማን አለሽ?» በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ሴት ልጅን ዘመድ ወደሌለበት አገር መስደድ ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት እናት መሆን አያስፈልግም።

አባቷ ዝም ብለው አዳመጡ። ልጅቷም አዳመጠች። አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጥቶ ሲኒው እስኪነሣ ድረስ ስለ ሁለቱ ከተሞች ብዙ ተባለ፤ በሁለቱ ግቢዎች ውስጥ ምን እንደሚሰጥ ግን አንድም ሰው አላነሣም። የሚያውቅ አልነበረምና።

በማግስቱ ወደ ፊዚክስ መምህሯ ሄደች። «መምህር፣ የትኛው ይበልጣል?» አለችው። መልሱ በአፉ ላይ ነበር፤ እሱም እንደ ሽማግሌው የአዲስ አበባውን ሊላት ነበር። ግን የራሱ ወረቀት ትዝ አለው። እሱ በተራው ተማሪ በነበረ ጊዜ የምርጫውን ዝርዝር ከአጠገቡ ከተቀመጠው ጓደኛው ወረቀት ላይ ቃል በቃል ገልብጦ ነበር። ጓደኛው የገለበጠው ከማን እንደሆነ አልጠየቀም። በዚያ ወረቀት ምክንያት አስቦት ወደማያውቀው ትምህርት ገባ፤ ተመረቀ፤ መምህር ሆነ። ዛሬ ሥራውን ይወዳል። ዳሩ ግን ያልመረጠውን ነገር ለመውደድ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በነዚያ ዓመታት ፊቱ የተቀመጡት ተማሪዎች ምን እንደቀረባቸውም ያውቃል።

ስለዚህ፣ «የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም» አላት። «በሁለቱ ምን ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ግን አብረን ልናይ እንችላለን።» ከስልኩ ላይ የትምህርት ክፍሎቹን እየፈለጉ ልጅቷ በደብተሯ ጻፈች። በአዲስ አበባው ባዮቴክኖሎጂ አለ፤ የምግብ ሳይንስ አለ። በአዳማው የውሃ ሀብት ኢንጂነሪንግ አለ። ጽፋ ስትጨርስ፣ «ሁለቱንም እፈልጋለሁ» አለች። መምህሩ ሳቀ። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ገጽ መድባ የመረጠችበትን ምክንያት ሁሉ እንድትዘረዝር፣ ከዚያም ከሌላ ሰው አፍ የመጣውን ምክንያት እንድትሰርዝ ነገራት።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ለአንድ የገጠር ልጅ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረም፤ የሚመርጠው ነገር አልነበረውምና። በ1954 ዓ.ም. የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅና የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሳይቀሩ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተሰበሰቡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ ብዙዎቹ የሄዱት ወደ አስተማሪነት ነበር። ያ ዘመን በሩ ጠባብ ነበር። ለገባው ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ በግልጽ ያቀርብለት ነበር፤ የተማርኸው ለማን ነው? ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ሆነዋል። በሩ ሲበዛ ጥያቄው ተለወጠ፤ «ለማን?» መባሉ ቀርቶ «የትኛው ይበልጣል?» ተባለ። የብልጫን ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚናገረው ከሰው ሰምቶ ነው።

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ ተመለሰች። በአዲስ አበባው ገጽ ሰባት ምክንያት ተጽፎ ነበር፤ አምስቱ ተሰርዘዋል። የቀሩት አክስቷና ባዮቴክኖሎጂ ናቸው። በአዳማው ገጽ ከተጻፉት ሦስቱ ሁለቱ ተሰርዘው አንድ መስመር ቀርቷል፤ «ውሃ» ይላል። መምህሩ ገጾቹን ተመልክቶ፣ «በቁጥር ከሄድን አዲስ አበባ ሁለት ለአንድ ይመራል» አላት። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣ «አክስቴን እወዳታለሁ። ብቀርባት ደስ ይለኛል» አለች። «ግን ክረምት ክረምት ከአባቴ ጋር ቦይ ሳወጣ፣ በጋ በጋ ደግሞ ከእናቴ ጋር ውሃ ስቀዳ፣ አንዱን ውሃ ለሌላው ጊዜ ማቆየት የሚችል ሰው ለምን እዚህ እንደሌለ እጠይቃለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም።»

መምህሩ ልብ ያለው ነገር ቢኖር ልጅቷ የተወችውን አለማቃለሏ ነው። አዲስ አበባን አላጣጣለችም፤ የአክስቷ ቤት አያስፈልገኝም አላለችም። ብዙ ሰው አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ካልነቀፈ ልቡ አያርፍም። እሷ ግን የሚቀርባትን ነገር ዋጋ አውቃ ተወችው። መምረጥ ማለትም ይኸው ነው። የሚተወውን ነገር ያላወቀ ሰው አጋጠመው እንጂ መረጠ አይባልም።

ማታ ለቤተሰቡ ነገረች። አጎቷ ስለ ሙቀቱ እንደገና አነሣ። አባቷ በዚህ ጊዜ ዝም አላሉም። «መሬቱን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔ ጋር ቦይ ስታወጣ ያደገች ናት። የምናውቀውን እንንገራት፤ ምርጫውን ለራሷ እንተወው» አሉ። ሁሉም ወደ እናቲቱ ዞረ። እናቲቱ የምድጃውን እሳት ቆስቆስ አደረጉና፣ «ከአቃቂ አዳማ ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው ፈቃድ መሆኑን ልጅቷ ወዲያው ተረዳች። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ ከዚያው ከአቃቂ አካባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ እንደሚገባ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ መሆኑን አጎቷ ራሱ ነገራቸው። እናቲቱም፣ «እንግዲያውስ አክስትሽ በወር አንድ ጊዜ መምጣት አያቅታትም» አሉ። በዚያው ሌሊት ወደ አቃቂ ስልክ ተደወለ።

የመግቢያ ፈተናው ገና ከፊቷ ነበር፤ ብታልፍም ምደባው እንደ ውጤቷ ነው። መምህሩ ይህን አልሸሸጋትም። የዚያን ዕለት የተፈጸመው ነገር ግን በፈተና ውጤት አይሻርም። መምህርም ሆነ ሹም፣ ወላጅም ሆነ ጎረቤት፣ ለአንድ ወጣት ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር የሚያውቀውን ሳይሸሽግ መንገር፣ የማያውቀውን አላውቅም ማለት፣ ከዚያም እጁን ከወረቀቱ ላይ ማንሣት ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው ይከብዳል።

ልጅቷ የምርጫውን ቁጥር መጀመሪያ በእርሳስ ጻፈችው፤ አደረችበት። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ቀድታ ከተመለሰች በኋላ እንስራዋን አውርዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ በዚያው ቁጥር ላይ በብዕር ደገመችበት።