የምርምር ቤት አለቃ

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ውሃን፣ አየርን፣ አፈርንና የሰውን ጤና የሚመረምር የዩኒቨርሲቲ ቤት ነገ በአደራ የሚረከብ ይኖራል። ይህ አለቅነት ከምርምሩ የተለየ ሥራ ነው፤ ዜማ አዋቂ ሁሉ የደብር አለቃ ሆኖ አይከናወንለትምና።

በእኛ አገር፣ በብቸናም ሆነ በሞጣ፣ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ውሃ ሲነካው አረፋ ይሰጣል። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ አረፋው በወንዝ ሲወርድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሳሙና ነው ከማለት በቀር ግን ማንም ሌላ ነገር አላሰበበትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው በእንዲህ ያለ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።

ይህን ያየ ሰው አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ሊቀመጥ ይችል ነበር። እሳቸው ግን በ1966 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ከመቶ 50 የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶዱን ዓይነት እየተከሉና እያወዳደሩ፣ 44 የሚል ቍጥር የተሰጠውን ምርጥ ዘር ለዩ። በ1989 ዓ.ም. ሁለቱም በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ስለ ሽልማቱ ብዙ ተነግሯል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በመካከል ያለው ዘመን ነው። የእንዲህ ያለ ቤት አለቃ ቀኑን የሚያሳልፈው በግኝት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው እንዳይሞቅ ይጨነቃል፤ ጉምሩክ የቆየው መድኃኒት ጊዜው እንዳያልፍበት ይሮጣል፤ የሾፌሩን አበል ይፈርማል፤ ስለ መዝገቡና ስለ ቁልፉ ይጠየቃል። የውጭ ድርጅቶችም እንዶድ ሰውን እንደማይጎዳ በራሳቸው ደንብ እንዲመረመር ስለ ጠየቁ ዓመታት አለፉ። ኋላም በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድለው ታወቀና፣ ፓተንቱ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። የእናቶቻችን እንዶድ! የዶክተር አክሊሉም ስም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ገብቷል፤ ቢሆንም ቅር ይለኛል።

ነገር ግን ቅር የሚያሰኝ ነገር ከባሕር ማዶ ብቻ አይመጣም። ሞጣ ሳስተምር መርማሪዎች መጡ፤ ከየት እንደ ሆኑ አልናገርም። የተማሪዎቹን ዓይን አዩ፣ ዓይነ ምድራቸውን በትንንሽ ዕቃ ወሰዱ፤ ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን አሉ። ወላጆች እሺ ያሉት እኔ በመካከል ስለ ቆምኩ ነው። አልተመለሱም። አንድ ሽማግሌ አባት ገበያ በወጡ ቍጥር፣ «መምህር፣ ያ የልጄ ነገር መጣ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ልጁን ራሴ ይዤው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ትል ተገኘበት፣ በጥቂት ክኒን ዳነ። የቀሩትን ሁሉ ግን መውሰድ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ዓመት ክትባት ሰጪዎች ሲመጡ ብዙዎች ልጆቻቸውን ደበቁ፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

መርማሪዎቹን ክፉዎች ናቸው አልልም። ለመምጫ ቤንዚን ተመድቦላቸዋል፣ ለመመለሻ ግን ያሰበ አለቃ አልነበራቸውም ብዬ እገምታለሁ። ያ የዓይነ ምድር ዕቃ በመርማሪው ዘንድ ቍጥር ነው፤ በእናቲቱ ዘንድ ግን ልጇ ነው። ሁለቱን በአንድ መዝገብ አጣምሮ መያዝ ያለበት አለቃው ነው።

በብቸና ካስተማርኳቸው አንዲቱ ዛሬ በእንዲህ ያለ ቤት ኃላፊ ሆናለች። አዲስ መሣሪያ ከመግዛቷ በፊት ውጤት ይዞ ወደ ገበሬው ለመመለሻ ገንዘብ ለይታ እንዳስቀመጠች ጻፈችልኝ። ሒሳብ ክፍሉ ግን እንዲህ ያለ ወጪ በየትኛው አርዕስት እንደሚገባ አላውቅም ብሎ ወረቀቱን መልሶባታል፤ እስካሁን ይጻጻፋሉ።